በወሎ ጓሮዎች የየካቲት የወፍ ዝማሬ፦ የበልግ ምልክት ነውን?

ጥር ተጋምሶ የደጋው ውርጭ መላላት ሲጀምር፣ በደሴ፣ በኩታበር፣ በሐይቅ ዙሪያና በወልድያ በየጓሮው የወፉ ድምፅ ይለወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከቁራና ከዋኔ ድምፅ በቀር ብዙም የማይሰማበት አጥር ግቢ፣ የካቲት ላይ ገና ጎሕ ሳይቀድ ዜማ ይገባበታል። ይህን ተከትሎ የታወቀው ወሬ ይነሣል፦ «ወፉ አዜመ፤ በልጉ ሊገባ ነው።»

ወሬው ለከተማ ሰው ጨዋታ ማድመቂያ ሊሆን ይችላል። በወሎ ከፍታ የበልግ ገብስ ለሚዘራ ገበሬ ግን የዘር ጉዳይ ነው፤ ማሳው ጥርና የካቲት ላይ ይታረሳል፣ ዘሩ በየካቲትና በመጋቢት ይጣላል፣ እህሉም ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያው ካፊያ ተዘርቶ ሰማዩ ሁለት ሦስት ሳምንት ከዘጋ ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ዘሩም አብሮ ይቀራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት ሌሎች አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው ከባሕር ማዶ ጽሑፍ ተተርጉሞ የመጣ ነው፤ ወፎች የሚዘምሩት «ክረምት አልፎ ጸደይ ሲገባ ቀኑ ስለሚረዝም» ነው ይላል። ሌላው ከሐዘን የሚመነጭ ነው፤ «እንደ ድሮው ወፍ የለም፣ ጠፋ» ይላል። ሦስቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሦስቱም የሚሳሳቱት ግን በአንድ ቦታ ነው። የየካቲቱን ዝማሬ እንደ አንድ ድምፅ ይወስዱታል። በአንድ አጥር ላይ በአንድ ጠዋት የሚያዜሙት ወፎች ግን ለአንድ ነገር አይደለም የሚያዜሙት። አንዱ ትናንት ለዘነበው ይመልሳል፣ ሌላው ከወር በኋላ ለሚደርስበት ሩቅ አገር ይዘጋጃል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያዜም ኖሮ ጆሯችን ዛሬ ያገኘውም አለ።

ጸደይ የቱ ነው?

የመጀመሪያው ግራ መጋባት የቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፦ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። በዚህ ስሌት ጸደይና በልግ አንድ ናቸው። በዕለት ንግግር ግን ጸደይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ በትንበያው ሦስት ወቅት ብቻ ይጠቀማል፦ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም።

ስለዚህ «ክረምት አልፎ ጸደይ ሲገባ ወፎች ያዜማሉ» የሚለው ትርጉም አንዱን አንባቢ ወደ መስከረም ሌላውን ወደ መጋቢት ይመራል። ሥረ ነገሩም ይለያያል። የአውሮፓው ክረምት በረዶና ጨለማ ነው፤ ትሉ መሬት ውስጥ ይደበቃል፣ ወፉም ይራባል። የወሎ ክረምት ግን ዝናብ፣ ልምላሜና የነፍሳት መርመስመስ ነው። ለወሎ ወፍ ከአውሮፓው ክረምት ጋር የሚቀራረበው የችግር ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅና ውርጫም ወራት ነው። የካቲት ከእንግሊዝ አገር መጋቢት ጋር የሚያመሳስለው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ሁለቱም ከችግር መውጫ ናቸው። መውጫውን የሚከፍተው ግን እዚያ ብርሃን፣ እዚህ በዋነኛነት ውሃ ነው።

ዝማሬና ጥሪ

አማርኛ «ይጮኻል»፣ «ይንጫጫል»፣ «ያዜማል» ሲል ልዩነቱን በደንብ ያውቃል። አጥኚዎችም የወፍን ድምፅ በሁለት ይከፍሉታል። ጥሪ አጭር ነው፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ፣ ድመት ስትጠጋ፣ ጫጩት ሲርበው የሚሰማ ነው፤ በየትኛውም ወር አይጠፋም። ዝማሬ ግን ረዘም ያለ፣ ቅርጽ ያለውና የሚደጋገም ሲሆን፣ ሁለት ተግባር አለው፦ «ይህ ቦታ ተይዟል» ብሎ ተቀናቃኝን ማራቅና ጓደኛ መሳብ። ስለዚህ የካቲት ላይ ድምፅ በዛ ሲባል፣ የበዛው ጥሪ ነው ወይስ ዝማሬ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሃምሳ ድንቢጦች ቁጥቋጦ ውስጥ ሲንጫጩ ጫጫታው ትልቅ ነው፤ ስለ መራቢያ ወቅት የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። አንድ ወፍ በየጠዋቱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ እየወጣ ያንኑ ዜማ ሲደጋግም ነው ነገር መጀመሩ።

ድምፁ የሚወጣበት አካል ሲሪንክስ ይባላል። የሰው የድምፅ ሳጥን ከመተንፈሻ ቱቦ አናት ላይ ነው፤ የወፍ ሲሪንክስ ግን ከታች፣ ቱቦው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት መንታ ላይ ይገኛል። የግራውና የቀኙ ክፍል ለየብቻ ሊርገበገቡ ስለሚችሉ አንድ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ያወጣል። ፉጨቱ ለሰው ጉሮሮ የማይታዘዝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዓለም ወፎች ግማሽ ያህሉ ዘማሪ ወፎች ከሚባለው ወገን ናቸው፤ መለያቸውም ዝማሬያቸውን በውርስ ብቻ ሳይሆን በመማር ማግኘታቸው ነው። ጫጩቱ የጎረቤት አዋቂዎችን ይሰማል፣ ከዚያ እየተንተባተበ ይለማመዳል፣ በመጨረሻም ያጠራዋል። በዚህ ምክንያት የአንድ ዓይነት ወፍ ዜማ ከሸለቆ ሸለቆ ሊለያይ ይችላል። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ስለ ወፉ ራሱ የሚናገረው ቃል በቃል ልክ ነው። ባቲና አምባሰል ለቅኝት ስማቸውን በሰጡበት አገር ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

የሚያዜመው ወንዱ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየትም ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ወፎች የመነጨ ነው። በ2014 (ይህና «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ሌሎች ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ሰፊ የዝርያዎች ንጽጽር፣ መረጃ ከተገኘላቸው ዘማሪ ወፎች በ71 በመቶዎቹ ሴቷም እንደምታዜም አሳይቷል፤ ይህ ደግሞ በሞቃት አገሮች ይበረታል። በወሎ ጓሮ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሸሸግ ቡቡ የሚባለው ወፍ ነው። አንዱ ደወል የመሰለ ድምፅ ሲያወጣ ጓደኛው ሳይዘገይ ይቀበላል፤ ቅብብሎሹ ከመጠንከሩ የተነሣ አድማጩ የአንድ ወፍ ድምፅ ይመስለዋል። ሁለት መሆናቸውን ለማወቅ በሁለቱ መካከል መቆም ያስፈልጋል፤ ያኔ ጥያቄው ከቀኝ፣ መልሱ ከግራ ይመጣል።

ብርሃን ምን ያህል ይሠራል?

የቀን ርዝመት ወፍን እንደሚቀሰቅስ የታወቀው በ1920ዎቹ ነው። ዊልያም ሮዋን የተባለ ተመራማሪ በካናዳ አልበርታ በብርዱ ወራት ወፎችን በወፍ ቤት ይዞ መብራት በማብራት ቀናቸውን አረዘመላቸው፤ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ የወንዶቹ የዘር ፍሬ እንደ መራቢያ ወቅት አደገ። ሒደቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ብርሃን በራስ ቅል በኩል አልፎ ወደ አንጎል ውስጥ ይደርሳል፤ አንጎል ለእጢዎች ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ በአንጎል ውስጥ ዝማሬን የሚመሩት ክፍሎችም ያድጋሉ።

ይህ ማብራሪያ ለለንደን ወፍ ይበቃል። እዚያ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት አይሞላም፣ ረጅሙ ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዓመቱ አጭርና ረጅም ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም። ከታኅሣሥ 12 እስከ የካቲት መጨረሻ ለንደን ላይ ቀኑ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ሲረዝም፣ ደሴ ላይ የሚረዝመው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

እንግዲያውስ ብርሃን እዚህ አይሠራም ማለት ነው? እንዲያ ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በፓናማ፣ ማለትም ከወሎ ጋር በተቀራራቢ ኬክሮስ፣ በሚኖር አንድ የጫካ ወፍ ላይ የተሠራና በ1998 የታተመ ጥናት፣ ወፉ የ17 ደቂቃ ጭማሪን እንኳ ለይቶ አካሉን ለመራባት ማዘጋጀት እንደሚጀምር አሳይቷል። ያው የምርምር ቡድን በኋላ ሌላ ነገር አገኘ፦ እነዚህ ወፎች ሕያው ፌንጣ መሰል ነፍሳትን ሲያዩና ሲመገቡ ዝማሬያቸው ይጨምራል። ሁለቱ ግኝቶች አብረው ሲነበቡ ትርጉማቸው ይህ ነው፦ ትንሿ የብርሃን ለውጥ አካሉን ታዘጋጃለች፤ የምግብ መታየት ደግሞ ዕለቱን ይቆርጣል። ጥናቱ በወሎ ወፎች ላይ የተሠራ ባይሆንም፣ በጓሮ የሚታየውን ለማስረዳት ከአውሮፓው ማብራሪያ ይልቅ ይህኛው ይቀርባል።

ካፊያው የሚከፍተው በር

ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ካፊያ ወርዶ አፈሩ ሲርስ ነገሩ በየወፉ ሆድ በተለያየ ፍጥነት ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ለአድማጭ ትልቅ ጥቅም አለው።

ቀድሞ የሚያገኘው መሬት ጫሪው ነው። ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱና ምንቃሩ ብርቱካናማ የሆነው የደጋ ወፍ፣ በጓሮ አትክልትና በቆሻሻ ክምር ሥር ቅጠል እየገለበጠ ትል የሚለቅመው፣ አፈሩ በራሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ምግቡ ይቀርብለታል። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ወፍራም፣ ቀርፋፋ ፉጨት ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ቅንድቡ ነጭ፣ ደረቱ ብርቱካናማ የሆነውና በ1830ዎቹ ወደ አገራችን በመጣው በጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ወፍም በዚሁ ሰዓት ይጀምራል። ይህ ወፍ የታወቀ አስመሳይ ነው፤ የሌሎችን ዜማ እየቀዳ ከራሱ ጋር ያገጣጥማል።

ቀጥለው የአበባ ወለላ የሚመጥጡት ይመጣሉ። እሬት፣ ራስ ክምርና ባሕር ዛፍ ሲያብቡ ምንቃሯ እንደ ወስፌ የጎበጠ ትንሿ ወፍ በየአበባው ላይ ትታያለች። ከእነዚህ አንዷ፣ ጅራተ ረጅሟና ከሩቅ ጥቁር መስላ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅ የምታበራው፣ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ስሟ ተከዜ ነው። ዜማዋ ፈጣንና ቀጭን ስለሆነ በንጋት ኅብር ውስጥ ይዋጣል፤ ከረፋዱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ለብቻው ይሰማል።

የመጨረሻዎቹ ዘር በሊታዎቹና ጎጆ ሠሪዎቹ ናቸው። ሆዱ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የመሰለው ጎጆ ሠሪ ወፍ ቤቱን የሚጠልፈው በእርጥብ አረንጓዴ ሣር ስንጣቂ ነው፤ ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራል። ሣር ካልለመለመ ምንም ያህል ቢንጫጫ ጎጆ አይሠራም። ዘር የሚበሉትም የሣር ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስለ በልጉ ሁኔታ ከወፍ አንድ ነገር መማር ከተፈለገ፣ ከመሬት ጫሪው ዜማ ይልቅ የጎጆ ሠሪው ሥራ የተሻለ ምስክር ነው፤ የሚመሰክረው ግን ስለወረደው ዝናብ ነው።

በዜማው ውስጥ ያሉ እንግዶች

በየካቲትና በመጋቢት ከሚሰማው ድምፅ የተወሰነው ከበልግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች እስከ መጋቢትና ሚያዝያ በወሎ ይቆያሉ። በከብት እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጠው ሆደ ቢጫ ወፍ አንዷ ናት። በጓሮ ዛፍ ውስጥ የሚገቡትም አሉ፤ ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የመሰለው ግራጫ ወፍ፣ እንዲሁም አረንጓዴ ቢጫማ ሆና ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጠው ዊሎው ዋርብለር የምትባለው ወፍ።

እነዚህ ወፎች የሚሄዱበትን ጊዜ የሚያውቁት በውስጣቸው በያዙት የዓመት ሰዓት ነው። ኤበርሃርት ግዊነር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ዋርብለሮችን ብርሃንና ጨለማው እኩል በሆነ፣ በማይለወጥ ክፍል ውስጥ አቆይቶ፣ ወቅቱ ሲደርስ የመጓዝ መቁነጥነጥ እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ዊሎው ዋርብለር ከመሄዷ በፊት ባለችበት በአፍሪካ ማዜም ትጀምራለች፤ ከላይ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሚጠፋ ለስላሳ ዜማ ነው። የሐይቅ ወይም የደሴ ሰው የካቲት ላይ ይህን ሲሰማ፣ የሚሰማው በእርግጥም የአውሮፓን ጸደይ ነው፤ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት፣ በወሎ ኮክ ዛፍ ላይ ሆኖ። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። በልግ ቢቀር ባይቀር ግን ወፏ በጊዜዋ ታዜማለች፤ በጊዜዋም ትሄዳለች።

ወፍ ዝናብን ያውቃል የሚሉትስ?

የገበሬውን ልምድ እንደ ተረት መጣል አይገባም፤ የተመሠረተበት ምልከታ እውነተኛ ነው። በሰሜን አሜሪካ ድንቢጦች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ወፎች የአየር ግፊት ሲቀንስ ተረድተው ምግብ ለመፈለግ እንደሚጣደፉ አሳይቷል። ወጀብ ከመምጣቱ በፊት ወፉ ባሕርይውን ሲለውጥ ያየ ሰው ያየው ነገር ነበረ ማለት ነው። በተራራማ አገር ደግሞ ዝናቡ በአንድ ጊዜ አይጥልም። ጦሳ ላይ ያካፋው ደሴ ከተማ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ ወፉ ግን በራሰው ዳገት በልቶ መጥቶ በደረቀው ጓሮ ያዜማል። ለጓሮው ባለቤት ዜማው ከዝናቡ የቀደመ ይመስለዋል።

ክርክሩ የሚነሣው ከሰዓታት ወደ ወራት ሲኬድ ነው። የበልግ ዝናብ የሚወሰነው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር በኩል በሚገባው እርጥብ አየርና በከፍታ ባለው የአየር ዝውውር ነው፤ ጓሮ ውስጥ ያለ ወፍ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልታወቀም። በልጉ የጀመረበትንና የቆየበትንም መለየት ያስፈልጋል። ለሰብል የሚያስፈልገው መቆየቱ ነው። በ1991 ዓ.ም. እና በ2007 ዓ.ም. በልጉ በወሎ ክፉኛ ተስተጓጉሏል፤ እንዲህ ባሉ ዓመታት ገበሬውን የሚጎዳው የካፊያ መቅረት ብቻ አይደለም፣ ጀምሮ መቋረጥም ነው። ወፍ ደግሞ ለጀመረው ይመልሳል እንጂ ስለሚቋረጠው አይናገርም። የመዝሪያ ቀን በወፍ ድምፅ መቁረጥ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። እርጥበቱ በእጅ ተቆፍሮ ቢታይ፣ የወቅቱ ትንበያና በየ10 ቀኑ የሚሻሻለው መረጃ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢጠየቅ ይሻላል።

የሰው ትዝታም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ወፉ አዚሞ በልጉ የሠመረበት ዓመት ይወራል፤ አዚሞ የከሸፈበት ዓመት ወሬው ስለ ረኃቡ እንጂ ስለ ወፉ አይሆንም።

ጓሮን በሥርዓት ማዳመጥ

ወሬውን በመዝገብ መተካት ከባድ አይደለም። የሚያስፈልገው ደብተር፣ ሰዓትና አንድ ጣሳ ነው።

ሰዓቱ ዋና ነገር ነው። በደሴ አካባቢ የካቲት 8 ገደማ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፤ መጋቢት 20 ሲደርስ 12 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ምሥራቁ በአዝዋ ገደል ስለተከለለ ፀሐይዋ ጓሮ ላይ የምታርፈው ዘግይታ ቢሆንም፣ ወፉን የሚቀሰቅሰው የሰማዩ ንጣት ነው። ስለዚህ ከፀሐይ መውጫ 40 ደቂቃ ቀድሞ መቀመጥ ያስፈልጋል። «ወፍ ሳይንጫጫ» ማለት ይኸው ሰዓት ነው። ቀድመው የሚያዜሙት ትልልቅ ዓይን ያላቸው ወፎች መሆናቸው በ2002 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ በድንግዝግዝ ቀድመው ስለሚያዩ ይመስላል። ለምን በንጋት እንደሚበረታ ግን አንድ የተቋጨ መልስ የለም። አየሩ ጸጥ ስለሚል ድምፅ ሳይቆራረጥ ይሄዳል የሚሉ አሉ፤ ገና ለመልቀም ስለሚጨልም ሌላ ሥራ የለም የሚሉም አሉ፤ ሌሊቱን ተርፎ ጉልበት መቅረቱን ለተቀናቃኝ ማሳያ ነው የሚሉም እንዲሁ። ምናልባት ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ።

ከተቀመጡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች መዝገብ ሳይነኩ ማሳለፍ ጥሩ ነው፤ ሰው ሲገባ ዝም ያለው ወፍ ይመለሳል። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ከ30 እርምጃ ርቀት ውስጥ የሚያዜሙትን ብቻ መቁጠር። የሚቆጠረው ቦታውን ይዞ ዜማ የሚደጋግመው እንጂ የሚንጫጫው መንጋ አይደለም። በሳምንት 3 ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይበቃል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ያለማቋረጥ የሚያፏጭበት ጠዋት ይዘለል፤ ነፋስ ቀጭን ድምፆችን ይውጣል፣ ቁጥሩም በሐሰት ይቀንሳል። የሱብሒ አዛን ወይም የኪዳን ጸሎት በድምፅ ማጉያ የሚሰማበት ሰፈር ከሆነ እስኪያበቃ ጠብቆ መጀመርና ሰዓቱን መጻፍ ያስፈልጋል።

ዝናቡን ለመለካት ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል ስፋት ያለው ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በአንድ ሜትር ከፍታ እንጨት ላይ ይታሰር፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት በማስመሪያ ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ይነበብና ይደፋ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አፉ የጠበበ ወይም የሰፋ ዕቃ ንባቡን ያበላሻል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ስሕተት ይህ ነው።

ድምፁን በስልክ የሚቀዳ ሰው ስልኩን በእጁ ከማንቀሳቀስ አጥር ላይ ቢያስቀምጠው ይሻላል፤ የጣት ማሻሸት ከወፉ ድምፅ ይበልጣል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ቤተ ሙከራ የተሠራው መርሊን የተባለ የስልክ መተግበሪያ ከድምፅ ተነሥቶ የወፉን ስም ይገምታል፤ ሆኖም አስመሳዩ ወፍ የሌላውን ዜማ ሲቀዳ እንደ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ በዓይን ሳያረጋግጡ መጻፍ አይገባም። የተቀዳን ዝማሬ መልሶ ለወፉ ማሰማት ግን በፍጹም መተው ያለበት ልማድ ነው። ወፉ ተቀናቃኝ የገባበት ይመስለዋል፤ ምግብ መፈለጉን ትቶ፣ አንዳንዴም ጎጆውን ጥሎ የሌለ ጠላት ያሳድዳል።

ዝም ያለ ጓሮ

«ወፍ ጠፋ» የሚለውን ለማመን ቢያንስ በተመሳሳይ ቦታ፣ ሰዓትና ወር የተወሰደ የብዙ ዓመት ቁጥር ያስፈልጋል። ዝምታ ሌላም ምክንያት አለው። ጫጩት የፈለፈለ ወፍ ዜማ ይቀንሳል፤ ላባውን የሚለውጥም እንዲሁ። ጭልፊት ያለበት ጠዋት ፍጹም ጸጥ ይላል። የከተማ ጩኸትም አለ፦ የመኪና ጎርናና ድምፅ የዝማሬውን ዝቅተኛ ክፍል ይሸፍነዋል። በሆላንድ ላይደን ከተማ ተሠርቶ በ2003 የታተመ ጥናት፣ ጫጫታ ባለበት ሰፈር የሚኖሩ ወፎች የዜማቸውን መነሻ ከፍ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። በመኪና መንገድ ዳር ያለ ጓሮ ወፍ ሳያጣ ዜማው ሊጠፋበት ይችላል።

እውነተኛ መቀነስም ይኖራል፤ መንገዱም ግልጽ ነው። አጋም፣ ቀጋና ወይራ የነበረበት አጥር ተነቅሎ ቆርቆሮ ሲተከል ፍሬውም መደበቂያውም በአንድ ቀን ይሄዳል። ባሕር ዛፍ አበባው ለወለላ መጣጮች ይጠቅማል፤ ከሥሩ ግን ቁጥቋጦና ትል ስለሚሳሳ መሬት ጫሪውን አያኖርም። ማላታይን ደግሞ የጎመኑን ተባይ ሲገድል የጫጩቱንም ቀለብ አብሮ ይገድላል፤ ዘር በሊታው ጎጆ ሠሪና ድንቢጥ እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። በመጋቢት ጠዋት መርጨት ጉዳቱ የከፋ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ በተጠቃው መደብ ላይ ብቻ፣ ወፉ መልቀም ካቆመ በኋላ አመሻሽ ላይ መሆን አለበት። ኮክና ብርቱካን ስለሚበሉ ወፎች የሚቀርበው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ግን ያው ፍሬ የሚወጋው ወፍ ለጫጩቱ ትል ከዚያው ጓሮ ይለቅማል። በሚበስለው ዛፍ ላይ ለሁለትና ሦስት ሳምንት መረብ መጣል ወፉን ከማባረር ያነሰ ድካም ነው።

በደረቁ ወራት ከሁሉ ፈጥኖ ውጤት የሚያሳየው ውሃ ነው። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ምጣድ ወይም ሰፋ ያለ ሳሕን፣ መሐሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ተደርጎበት ይቀመጥ፤ ጥልቅ ባልዲ ትንሽ ወፍ ያሰጥማል። ድመት እንዳትሸምቅ ከቅርቡ ቁጥቋጦ 2 ሜትር ይራቅ። ውሃው በየ2 ቀኑ ተደፍቶ ምጣዱ ይፈተግ፤ ለሳምንት ከቆየ በተለይ በኮምቦልቻና ከዚያ ዝቅ ባሉት ሞቃት ቦታዎች ትንኝ ይፈለፈልበታል። አጥር መከርከምም ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይለቅ፤ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ መቀስ የሚገባበት ቅርንጫፍ ጎጆ ሊኖረው ይችላል።

በደብተሩ ላይ ለእንግዶቹ የተለየ ዓምድ ቢኖር ጥሩ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ያ እየወረደ የሚጠፋው ዜማ የማይሰማበት ጠዋት ይመጣል፤ የመጨረሻ የተሰማበት ቀን ተለይቶ ይጻፍ። ከጎኑም የዚያ ሳምንት የጣሳው ንባብ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ «ወፉ አዜመ» ሲባል የትኛው ወፍ ብሎ ለመጠየቅ ያኔ መነሻ ይኖራል።